ወዳጅ ጥየቃ በመኪና፦ ፖርትላንድ፣ ኦስቲን፣ ኒው ኦርሊንስ ወይስ ሳንታ ፌ?

አሜሪካን በመኪና ለመዞር የተነሳ ሰው ካርታውን ሲዘረጋ ጓደኞቹ ትዝ ይሉታል። አንዷ ኦሪገን ናት። አንዱ ቴክሳስ ገብቷል። ሌላው ሉዊዚያና ከከተመ ቆይቷል። ሁሉም "እኛ ጋ ሳታድር እንዳታልፍ" ይላሉ። ፈቃዱ ግን አጭር ነው። ሁሉም ጋ ማደር አይቻልም።

ምርጫውን የሚያከብደው ደግሞ ከተሞቹ ተራ ከተሞች አለመሆናቸው ነው። ወጣ ያለ ጠባይ አላቸው፤ በዚህም ይኮራሉ። አንዱ ከተማ የሌሊት ወፍ ለማየት ድልድይ ላይ ይሰበሰባል። ሌላው በየዓመቱ ግዙፍ አሻንጉሊት ሠርቶ ያቃጥላል። እንዲህ ያለ ቦታ ገብቶ ቡና ብቻ ጠጥቶ መውጣት ያስቆጫል። ስለዚህ የት ረዘም ተብሎ እንደሚታደር፣ የት ደግሞ ሰላም ተብሎ እንደሚታለፍ ከመነሳት በፊት መወሰን ይሻላል።

እዚህ የማወዳድረው አራት ከተሞችን ነው፦ የቴክሳሷን ኦስቲን፣ የኦሪገኗን ፖርትላንድ፣ የሉዊዚያናዋን ኒው ኦርሊንስና የኒው ሜክሲኮዋን ሳንታ ፌ። አሽቪልንም በአጭሩ አነሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ምን አይቶ መምረጥ?

የጉዞ መጽሔቶች ከተማን የሚመዝኑት በሙዚየሙ፣ በሆቴሉና በሬስቶራንቱ ነው። ለጓደኛ ጥየቃ ይህ መለኪያ አይሠራም። ጓደኛችሁ ሥራ አለው። ጠዋት ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። እናንተ ዕረፍት ላይ ናችሁ፤ እሱ ግን አይደለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከተማዋ ምን አላት የሚለው አይደለም። ዋናው ጥያቄ ከተማዋ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ደክሞት ከተመለሰ ሰው ጋር አብሮ የሚታይ ምን አላት የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የመኪናው ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የዋለ ሰው ማታም ፓርኪንግ ፍለጋ መዞር አይፈልግም። መኪናውን ጓደኛችሁ በር ላይ አቁማችሁ እስክትወጡ ድረስ ልትረሱት ትችላላችሁ? የምትችሉበት ከተማ ብዙ ነጥብ ያገኛል።

ሦስተኛው ወሩ ነው። ከአራቱ አንዳቸውም ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመቹም። በመጥፎ ወር ከተገባ ከተማዋ የምትታወቅበት ነገር ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

የራሴን ፍርድ ከመጀመሪያው ልናገር። አንድ ምሽት ብቻ ላለው ሰው ኦስቲንን እመርጣለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ካለ ኒው ኦርሊንስን የሚያህል የለም። ጉዞው ሴፕቴምበር ላይ ከሆነ ግን ሁለቱንም ትቼ ፖርትላንድ እሄዳለሁ። ሳንታ ፌ ቀኑን አብሯችሁ ሊውል የሚችል ጓደኛ ላለው ሰው ናት። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነሆ።

ኦስቲንና ፖርትላንድ

እነዚህን ሁለቱን አብሬ የማነሳው በአንድ መፈክር ስለሚገናኙ ነው። ኦስቲን ወጣ ያለ ጠባይዋን እንዳትለቅ የሚጠይቀው መፈክር የተወለደው በ2000 ነው። አንድ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ ስልክ ደውሎ በተናገረው ቃል ጀመረ። መኪና ላይ ተለጠፈ፣ ቲሸርት ላይ ታተመ። በ2003 ፖርትላንድ መፈክሩን ወስዳ የራሷን ስም አስገባችበት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከተሞች ማን ይበልጥ ወጣ ያለ ነው በሚል ይፎካከራሉ።

ሁለቱም ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታይ፣ በነፃ የሚታይ፣ ቁጭ ተብሎ እየተጨዋወቱ የሚታይ ነገር አላቸው። ለጓደኛ ጥየቃ ከዚህ የተሻለ የለም።

የኦስቲኑ የሌሊት ወፍ ነው። መሀል ከተማ፣ ኮንግረስ አቬኑ ድልድይ ሥር፣ እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርሱ የሌሊት ወፎች ይኖራሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከተማ መሀል የሚኖር ከዚህ የበለጠ የሌሊት ወፍ መንጋ የለም። ድልድዩ በ1980 ሲታደስ ከሥሩ ጠባብ ክፍተቶች ተተዉለት። ክፍተቶቹ ለሌሊት ወፎቹ ልክ ሆኑ። የከተማው ሰው መጀመሪያ ደነገጠ፤ በሽታ ያመጣሉ፣ ይጥፉልን አለ። በ1986 መርሊን ተትል የሚባል የሌሊት ወፍ ተመራማሪ ኦስቲን ገብቶ ሰውን ማስረዳት ጀመረ። በየሌሊቱ የሚበሉት ነፍሳት ስንት እንደሆነ ሲታወቅ አስተያየቱ ተለወጠ። ዛሬ የከተማዋ ምልክት ሆነዋል።

ከማርች ገደማ እስከ መኸሩ መጨረሻ ይኖራሉ። ምርጡ ወር ኦገስት ነው፤ የዓመቱ ግልገሎች ከእናቶቻቸው ጋር መብረር የሚጀምሩት ያኔ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድልድዩ ላይ ወይም ከሥሩ ያለው ሣር ላይ ቦታ ትይዛላችሁ። ትጠብቃላችሁ። መጠበቁ ራሱ ለወሬ ይመቻል። ከዚያ እንደ ጭስ ተግተልትለው ይወጣሉ። አንዳንድ ምሽት ዘግይተው በጨለማ ይወጣሉ፣ ብዙም ላይታዩ ይችላሉ። ቢሆንም ምሽቱ አይባክንም፤ ከድልድዩ በስተደቡብ ያለው ሳውዝ ኮንግረስ በእግር የሚደረስ ነው፣ ማታም ሕይወት አለው።

የፖርትላንዱ ደግሞ ወፍ ነው። በሴፕቴምበር ወር ስዊፍት የሚባሉ ትንንሽ ወፎች ወደ ደቡብ ከመሰደዳቸው በፊት በሺዎች ሆነው ቻፕማን በሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጭስ ማውጫ ውስጥ ያድራሉ። ማታ ማታ የሰፈሩ ሰው ብርድ ልብስና እራቱን ይዞ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ይቀመጣል። ወፎቹ ሰማዩ ላይ ሲዞሩ ቆይተው እየተሽከረከሩ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባሉ። አልፎ አልፎ ጭልፊት መጥቶ አንዱን ለመንጠቅ ይሞክራል፤ ያኔ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ትምህርት ቤቱ ማሞቂያውን ለውጦ አሮጌውን ጭስ ማውጫ ለወፎቹ ትቶላቸዋል። አንድ ከተማ ለወፍ እንዲህ ሲያስብ ማየት ልብ ይነካል።

ልዩነቱ ይህ ነው። የሌሊት ወፎቹ ለብዙ ወራት ይገኛሉ። ስዊፍቶቹ ግን በዋናነት የሴፕቴምበር ናቸው። ሴፕቴምበር ላይ ምርጫው ፖርትላንድ ነው የምለው ለዚህ ነው። ድባቡ ቱሪስት የበዛበት አይደለም፤ የሰፈር ነው። ጓደኛችሁም ጎረቤቶቹን እዚያ ሊያገኝ ይችላል።

አሁን ወደ መኪናው። በዚህ ፖርትላንድ ኦስቲንን ታሸንፋለች። ባቡሩና አውቶቡሱ ብዙ ሰፈር ያደርሳሉ። ብስክሌት የተከበረ ነው። በ2015 የተከፈተው ቲሊከም ድልድይ የግል መኪና የማያልፍበት ነው፤ ለባቡር፣ ለአውቶቡስ፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ ተሠራ። ከጓደኛ ጋር ማታ በእግር ተሻግራችሁ ተመለሱ፣ መንገዱም ሆነ ወንዙ ጸጥ ያለ ነው። ፓወልስ የሚባለው መጻሕፍት መደብርም አለ። በ1971 ተጀምሮ ዛሬ አንድ ሙሉ ብሎክ ይዟል። ክፍሎቹ የሚጠሩት በቀለም ነው፤ መግቢያው ላይ ካርታ ይሰጣል። ጓደኛችሁ ቀን ሥራ ላይ ሲሆን እናንተ የምትውሉበት ይህ ነው።

አድራሻ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ፖርትላንድ በስድስት ክፍል ተከፍላለች፤ ስድስተኛው የተጨመረው በ2020 ነው። የአንድ መንገድ ስም በሁለት ክፍል ሊገኝ ስለሚችል ጓደኛችሁ ከመንገዱ ስም በፊት ያለችውን የአቅጣጫ ምልክት ካልነገራችሁ ወንዙን ተሻግራችሁ ሌላ ሰው በር ላይ ትቆማላችሁ። ሌላም የሾፌር ወሬ አለ። ኦሪገን ውስጥ ከ1951 ጀምሮ ሾፌር ራሱ ነዳጅ መቅዳት አይችልም ነበር። ሕጉ የተለወጠው በ2023 ነው። አሁንም ፖርትላንድ ውስጥ ሠራተኛ የሚቀዳበት መስመር መኖር አለበት፤ ከመኪና ሳትወርዱ ብትቆዩ ሰው ይመጣላችኋል። የሽያጭ ታክስም የለም። ለመንገድ የሚያስፈልግ ዕቃ፣ ጫማም ሆነ ጃኬት፣ መግዛት ካለባችሁ እዚህ ግዙ።

የፖርትላንድ መጥፎ ጎን ሁለት ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ዝናቡም ቶሎ አይለቅም። ያኔ የሚደሰቱት መጽሐፍና ቡና ቤት የሚበቃቸው ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪና መስታወት እየሰበሩ መስረቅ የታወቀ ችግር ነው። የመንገደኛ መኪና ደግሞ ሻንጣ የሞላው ነው። ስትደርሱ ሁሉንም አውርዱ። ስልክ ማስቀመጫውንም ቢሆን አትተዉ።

ኦስቲን ላይ መኪናውን መርሳት ይከብዳል። ከተማዋ ተዘርግታለች። አይ-35 የሚባለው አውራ ጎዳና መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አይንቀሳቀስም፣ የማስፋፊያ ግንባታም ተጨምሮበታል። ጓደኛችሁ መሀል ከተማ አካባቢ ከኖረ ጥሩ። ዳር ከሆነ ግን በየምሽቱ ከማንም በላይ የምታዩት ትራፊኩን ነው።

ሙቀቱም ቀላል አይደለም። ጁላይና ኦገስት ላይ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆኑ ቀናት ይደጋገማሉ። መድኃኒቱ ባርተን ስፕሪንግስ ነው። ከመሬት በሚፈልቅ ምንጭ የሚሞላ ትልቅ መዋኛ ነው፤ ውሃው በጋም ክረምትም 20 እና 21 ዲግሪ ገደማ ነው። ከተማዋን ከነነፍሷ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚያ ይሂድ። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሁሉም እኩል ውሃው ዳር ይገኛል። ሐሙስ ቀን ለጽዳት ይዘጋልና ሐሙስን አትቁጠሩት። የከተማዋ ነዋሪ ከእንግዳ ያነሰ ይከፍላል።

ብዙ እንግዳ የማያየው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኦስቲን በ1890ዎቹ አጋማሽ መንገዶቿን ለማብራት 31 የብረት ማማዎች ተከለች። እያንዳንዱ 50 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከላይ ሆኖ እንደ ጨረቃ በአንዴ ብዙ ቤት ያበራል። ሌሎች ከተሞችም ነበሯቸው፣ ግን አነሷቸው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት የኦስቲኖቹ ብቻ ናቸው። ጓደኛችሁን ሰፈሩ አጠገብ አንዱ እንዳለ ጠይቁት። ማታ በእግር ወጥቶ ከሥሩ መቆም ምንም አያስከፍልም።

ማርች ላይ ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት የሚባለው ፌስቲቫል፣ ኦክቶበር ላይ ደግሞ የሙዚቃ ፌስቲቫልና ፎርሙላ ዋን አለ። ያኔ ሆቴል ይወደዳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጓደኛችሁም ሌላ እንግዳ ሊኖርበት ይችላል። ለፌስቲቫሉ ብላችሁ ካልሆነ እነዚያን ሳምንታት ዝለሏቸው።

ኒው ኦርሊንስ

ስለዚህች ከተማ ስጽፍ እጄን መግታት ያቅተኛል። በ1718 ተመሠረተች። ፈረንሳይ ገዛት፣ ስፔን ገዛት፣ በባርነት የመጡ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ሙዚቃዋን ሠሩ። ሌሎቹ ከተሞች ወጣ ማለትን መርጠውታል። ኒው ኦርሊንስ ግን ታሪኳ ራሱ ሌላ ነው፤ መፈክር አላስፈለጋትም።

ከመለኪያችን አንጻር ምሽቷ ተወዳዳሪ የለውም። ከፈረንሳይ ሰፈር አጠገብ ያለው ፍሬንችመን ጎዳና ላይ የሙዚቃ ቤቶቹ ጎን ለጎን ናቸው። ከአንዱ ወጥቶ ሌላው መግባት ነው። ጓደኛችሁ ከሥራ ተመልሶ፣ አርፎ፣ እራት በልቶም ይደርሳል፤ ሙዚቃው የሚሞቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ መተኛት ያለበት ጓደኛ ካላችሁ ፕሪዘርቬሽን ሆል ይሻላል። በ1961 የተከፈተ ጠባብ አዳራሽ ነው። ዝግጅቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ትኬት ቀድማችሁ ያዙ።

እሑድ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ተዉና ሰከንድ ላይን ፈልጉ። በመኸር፣ በክረምትና በፀደይ ወራት በአብዛኛው እሑድ የሰፈር ማኅበራት ነጋሪትና ጥሩምባ አስይዘው በየመንገዱ ይዞራሉ። ማኅበሩ ፊት ይሄዳል፣ ሕዝቡ እየጨፈረ ይከተላል። ትኬት የለም፤ የተመልካች መቀመጫ የለም። ከኋላ ትቀላቀላላችሁ። ለአራት ሰዓት ያህል ይዘልቃል። ጓደኛም እሑድ ሥራ የለበትምና አብራችሁ ትሄዳላችሁ። አንድ ቀን ብቻ ከተማዋ ውስጥ መሆን ከቻላችሁ ያ ቀን እሑድ ይሁን።

መኪናውን በተመለከተ መልሱ ከፊል ነው። የሴንት ቻርልስ የጎዳና ባቡር ከ1835 ጀምሮ ይሠራል። በዓለም ላይ ሳያቋርጥ ከሠሩት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፍላችሁ ከትልልቅ ዛፎች ሥር እስከ ከተማዋ ላይኛው ክፍል ትደርሳላችሁ። አይፈጥንም። ከጓደኛ ጋር ለሚያወራ ሰው ግን አለመፍጠኑ ጥሩ ነው። ጓደኛችሁ መስመሩ አጠገብ ከኖረ መኪናውን እርሱት። ካልኖረ ትቸገራላችሁ፤ መንገዱ ጉድጓድ የበዛበት ነው፣ የፈረንሳይ ሰፈር ፓርኪንግም አስቸጋሪና ውድ ነው።

የሰውን አቅጣጫ አሰጣጥም ቀድሞ መልመድ ነው። ወንዙ ስለሚጠማዘዝ ሰሜንና ደቡብ ብዙም አይጠቅምም። ሰው "ወደ ሐይቁ"፣ "ወደ ወንዙ"፣ "ወደ ላይኛው"፣ "ወደ ታችኛው" ነው የሚላችሁ። "ዌስት ባንክ" ከሚባለው ወገን ፀሐይ ስትወጣ ብታዩም አይግረማችሁ። ጓደኛችሁ በስልክ መንገድ ሲነግራችሁ ከማዳመጥ አድራሻውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ቀን ለብቻችሁ ስትሆኑ ሴንት ሉዊስ ቁጥር 1 መቃብር አለ። የተከፈተው በ1789 ነው። መቃብሮቹ ከመሬት በላይ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ተዋናዩ ኒኮላስ ኬጅ ለራሱ ያሠራው ነጭ ፒራሚድ እዚያ አለ። በ2015 ጉዳት ስለበዛ ያለ አስጎብኚ መግባት ተከልክሏል።

ጁን 1 የሚጀምረውና ኖቬምበር 30 የሚያበቃው የአውሎ ነፋስ ወቅት ዋናው ጥንቃቄ ነው። በተለይ ኦገስትና ሴፕቴምበር። ትንበያው ከከፋ ጉዞውን ማዞር እንጂ "እስኪ እንየው" ማለት አያዋጣም፤ ከተማዋ በ2005 ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ ያደረሰባትን አትረሳም። ማርዲ ግራ የሚባለው የካርኒቫል በዓል ደግሞ ለአንዳንዱ ሕልም ነው። ለጓደኛ ጥየቃ ግን አልመክረውም። መንገድ ይዘጋል፤ ሰልፉ በሚያልፍበት መንገድ ሰልፉ ሊጀምር ሁለት ሰዓት ሲቀረው የቆመ መኪና ይነሳል። የእናንተ ቁም ነገር ከጓደኛ ጋር ቁጭ ማለት ከሆነ ማርች ማለቂያ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ይበልጣል።

ሳንታ ፌ

የተመሠረተችው በ1610 ነው፤ ከአሜሪካ የግዛት ዋና ከተሞች ሁሉ በዕድሜም በከፍታም ትበልጣለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትርን ያልፋል። ከዝቅተኛ ቦታ ነድታችሁ ከደረሳችሁ በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። ውሃ በብዛት ጠጡ፣ የመጀመሪያውን ምሽት ቀለል አድርጉት።

በ1957 የወጣ ደንብ መሀል ከተማው የጭቃ ቤት መልኩን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ባንኩም፣ መኪና ማቆሚያ ሕንፃውም የአፈር ቀለም አለው። በእግር ለመዞር ትመቻለች። ካንየን ሮድ የሚባለው ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥዕል ቤቶች ተሞልቷል።

ችግሩ ምሽቱ ነው። ሱቁና ሥዕል ቤቱ በጊዜ ይዘጋል። ጓደኛችሁ ከሥራ ሲወጣ ከተማዋም ትወጣለች። ለዚህ ነው ቀን አብሯችሁ መሆን የሚችል ጓደኛ ላላቸው የምመክራት። ቤት ውስጥ ተቀምጦ እስከ እኩለ ሌሊት መጫወት ለሚወዱ ግን ጸጥታው ራሱ ስጦታ ነው።

ሜው ዉልፍ የሚባለው የአርቲስቶች ቡድን በ2016 የከፈተው ቤት እዚህ ነው። ድሮ ቦውሊንግ መጫወቻ ነበር። ገንዘብ ያገዛቸው ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ተራ መኖሪያ ቤት ትገባላችሁ፤ ማቀዝቀዣውን ስትከፍቱ ወደ ሌላ ዓለም የሚወስድ መተላለፊያ ታገኛላችሁ። ልጆች ላሏቸው ጓደኞች ከዚህ የተሻለ ግብዣ አላውቅም።

ዞዞብራ ደግሞ አለ። ከ1924 ጀምሮ በበጋው መጨረሻ 15 ሜትር ገደማ የሚረዝም አሻንጉሊት ሠርተው ያቃጥላሉ። ሰው የዓመቱን ሐዘኑን፣ የፍቺ ወረቀቱን፣ የዕዳ ደብዳቤውን አምጥቶ ውስጡ ያስገባል፤ አብሮ ይቃጠላል። ከአሜሪካው የሠራተኞች በዓል በፊት ባለው አርብ ምሽት ነው። መንገዳችሁ በዚያ ሳምንት ኒው ሜክሲኮን ካቋረጠ የጻፍኩትን ቅደም ተከተል ትታችሁ ሳንታ ፌ ግቡ። ከከባድ ዓመት ከወጣ ጓደኛ ጎን ቆሞ ያን እሳት ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ከአይ-40 ለሚመጣ ሰው ከአልበከርኪ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ትርቃለች። አይ-25ን ትታችሁ ቱርኮይስ ትሬል የሚባለውን መንገድ ያዙ። ይዘገያል፣ ግን ማድሪድ የምትባለውን የድሮ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መንደር ያሳልፋችኋል።

አሽቪልስ?

ኖርዝ ካሮላይና ያለችው አሽቪል ለምሥራቁ መንገደኛ ናት። አርብ ማታ መሀል ከተማ ፕሪቻርድ ፓርክ ውስጥ ሰው ከበሮውን ይዞ ይመጣል፤ የቻለ ይመታል፣ ያልቻለ ይጨፍራል። በ2024 ሴፕቴምበር ሄለን የሚባለው አውሎ ነፋስ ክፉኛ ጎድቷታል፣ በተለይ ወንዙ ዳር ያለውን የአርቲስቶች ሰፈር። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የሚባለው የተራራ መንገድም በብዙ ቦታ ተሰብሮ ነበር። ከመነሳታችሁ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አረጋግጡ። መንገዱ 755 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ በአብዛኛው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፣ የጭነት መኪናም አይገባበትም። ለመቸኮል አይሆንም። ጓደኛ እዚያ ያለው ሰው አርብ ከሰዓት በኋላ ይድረስ።

ጓደኛ ቤት ወይስ ሆቴል?

ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ከሆነ ጓደኛ ቤት እደሩ። ሶፋም ቢሆን። ወሬው የሚጣፍጠው ጠዋት ፊት ሳይታጠቡ ነው፤ ያን ሆቴል አይሰጥም። ከሦስት በላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ሕፃን ከያዛችሁ፣ ወይም ጓደኛችሁ በአንድ ክፍል የሚኖር ከሆነ ሆቴል ይሻላል። ቅር ሊለው ይችላል። ቀድሞ በስልክ ከተነገረው ግን ይገባዋል። በር ላይ ደርሶ መናገር ነው የሚከፋው።

በከተማ ስንለየው፣ ፖርትላንድና ኒው ኦርሊንስ ላይ ጓደኛ ቤት ማደር ይበልጥ ያዋጣል፤ ሰፈሮቹ ራሳቸው መታየት ያለባቸው ናቸውና። ኦስቲን ላይ ጓደኛ ዳር ከሆነ የሚኖረው አንድ ሌሊት እሱ ቤት፣ አንድ ሌሊት ደግሞ መሀል ከተማ ማደርን አስቡበት። ሳንታ ፌ ላይ ሁለቱም እኩል ነው።

ሁሉም ቦታ የምትጠይቁት አንድ ነገር ግን አለ፦ መኪናው የት ያድራል? አንዳንድ ሰፈር የነዋሪ ፈቃድ የሌለውን መኪና ይቀጣል። ጓደኛችሁ ራሱ መኪና ከሌለው ደንቡን ላያውቅ ስለሚችል ቀድሞ እንዲያጣራ ንገሩት።

መንገዱና ቀኑ

ኦስቲንና ኒው ኦርሊንስ በአንድ ጉዞ ይያያዛሉ። መሀላቸው 820 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሂውስተን በኩል በአይ-10 ስምንት ሰዓት ይፈጃል። የሂውስተን ትራፊክ ይጨምርበታልና ጠዋት በጊዜ ተነሱ። አርብ ማታ ኦስቲን የሌሊት ወፍ አይቶ፣ ቅዳሜ ነድቶ፣ እሑድ ኒው ኦርሊንስ ሰከንድ ላይን መከተል ከማውቃቸው የሳምንት መጨረሻ ሁሉ ይበልጥብኛል። ወሩ ኤፕሪል ቢሆን ለሁለቱም ይመቻል።

ሳንታ ፌን ከኦስቲን ጋር ለማያያዝ የሚሞክር ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይነዳል። በአንድ ቀን አታድርጉት፤ ደክሞት የደረሰ እንግዳ እራት ላይ ያንቀላፋል። ፖርትላንድ ደግሞ ለብቻዋ አይ-5 ላይ ናት፤ ከሲያትል 280 ኪሎ ሜትር፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ። የምዕራቡን ዳርቻ ለሚነዳ ሰው እንጂ ከደቡቡ መንገድ አይታጠፍባትም።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ለጓደኛችሁ ሦስት ጥያቄ ላኩ፦ በዚያ ሳምንት የትኛው ምሽት ነው ሙሉ በሙሉ ነፃ የምትሆነው? ከቤትህ በእግር ምን ይደረሳል? መኪናዬን የት ላቁም? የመጀመሪያው መልስ "ረቡዕ ብቻ" ከሆነ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ውስጥ ሁኑ፤ የቀረውን መንገድ ከዚያ ቀን ወደኋላና ወደፊት ቁጠሩት።